የልጄን ክራንቻዎች ላተረፈችልኝ ሲስተር

ትናንት ማታ ልጄ ስትስቅ በስልኬ መብራት ጥርሶቿን ቆጠርኩ። ሃያ ሞልተዋል። የመጨረሻዋ መንጋጋ ከላይ በግራ በኩል ብቅ ብላለች። ልጄ ሁለት ዓመት ከአምስት ወሯ ነው። ቆጥሬ ስጨርስ ዓይኔ ክራንቻዎቿ ላይ ቀረ። ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። አልሐምዱሊላህ። እነዚህ አራት ጥርሶች ገና ድዷ ውስጥ እያሉ ተፍቀው ሊወጡ ነበር። ያስቀረቻቸው አንዲት ነርስ ናት። ምስጋናዬን ብዙ አዘገየሁት፤ ዛሬ ግን እጽፈዋለሁ።

የምንኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ጠዋት በሐረጎ ወርዶ ማታ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ እኔና ሕፃኗ ብቻ ነን። የመጀመሪያ ልጄ ናት። አምስት ወር ሲሆናት ማታ ማታ ማልቀስ አበዛች። ያየኝ ሁሉ "ወተትሽ ቀጭን ነው፣ አልበቃትም" ይለኛል። አመንኩ። በጡጦ ስኳር ውሃ ጀመርኩላት። ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ያዛት። ሰውነቷ ተኮሰ። ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ጡት ስሰጣት ፊቷን ታዞራለች።

አማቴ ከሐይቅ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ድዷን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩ። ነጣ ያለች እብጠት አለች። "ግግ ነው" አሉ፤ ድድ ውስጥ ያለ ትል ሕፃኑን ያሳምማል፣ ተፍቆ መውጣት አለበት የሚባለው ማለታቸው ነው። "ካልወጣላት አይለቃትም። የምታወጣ ሴት አውቃለሁ፣ ነገ በጠዋት እንወስዳታለን።" አማቴ ሰባት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። ልጄንም ከእኔ እኩል ይሳሱላታል። እምቢ ለማለት አፌ አልደፈረም። ሌሊቱን ስፈራ አደርኩ። ጠዋት "እባክዎ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ትታይ" ብዬ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።

ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በሚታዩበት ክፍል ያገኘናት ሲስተር መጀመሪያ ልጄን አየቻት። ዓይኗ ጎድጉዶ እንደሆነ፣ የሆዷ ቆዳ ሲቆነጠጥ ቶሎ ይመለስ እንደሆነ፣ መጥባት ትችል እንደሆነ። ከዚያ ምን እንደምትመገብ ጠየቀችኝ። ጡጦው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥታ ከፈተችው፣ የጎማውን ውስጥ አሳየችኝ። ነጣ ያለ ቆሻሻ ጥጉ ላይ ተለጥፏል። አልተቆጣችኝም። "ተቅማጡን ያመጣው ይሄ ሳይሆን አይቀርም" አለችኝ። "ጥርስ ማብቀል ድድ ያሳክካል፣ ለሀጭ ያበዛል። ተቅማጥና ከባድ ትኩሳት ግን አያመጣም። በዚህ ዕድሜ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ስለሚከት ሁለቱ አብረው ይመጣሉ፣ ሰው ጥርሱን ይከሳል።"

ዋናው ነገር ግን ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። ወንበሯን ወደ አማቴ አዞረች። "እማማ፣ እስቲ እጅዎን ይታጠቡና አብረን እንይ" አለቻቸው። የአማቴን ጣት ይዛ እብጠቷ ላይ አሳረፈችው። "ይቺ ክራንቻ ናት። ገና አልጠነከረችም። ሲያወጧት ለስላሳ ስለሆነች ትል ትመስላለች። ሰው የሚታለለው በዚህ ነው። ከሥሯ ደግሞ ትልቅ ስትሆን የሚያስፈልጋት ዋናው ጥርስ ተኝቷል። ሲፍቁ እሱም ይጎዳል። ደም አለ፣ መመርቀዝ አለ፣ ስለቱ ንጹሕ ካልሆነ ቲታነስ አለ።" ቀጥላ በቀስታ "ከልጆችዎ የወጣለት አለ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

አማቴ ዝም አሉ። ባለቤቴ ከታች በቀኝ በኩል ክራንቻ የለውም። ሁላችንም ሲፈጠር እንዲያ ነው ብለን ነበር የምናስበው። ሲስተር በዚያ ምክንያት ነው ብላ አልደመደመችም፤ ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነገረቻቸው። አማቴ ቆይተው "አላውቅም ነበር ልጄ" አሉ። "አውቀው አላደረጉትም እማማ፣ ሊያድኑት ብለው ነው" አለቻቸው። ይቺን አነጋገሯን መቼም አልረሳትም። ከዚያ ክፍል አማቴ ሳያፍሩ ወጡ። ቤት ስንገባ የግግ ነገር አልተነሳም።

ለተቅማጡ በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ሰጠችን። ዚንኩን ደግሞ በቀን ግማሽ ፍሬ፣ በታለበ የጡት ወተት አሟሙተን ለ10 ቀን እንድንሰጥ አዘዘች። ጡቱን እንዳላቋርጥ፣ እንዲያውም እንዳበዛ ነገረችኝ። ስድስት ወር እስኪሞላት ከመድኃኒቱ በቀር ሌላ ነገር፣ ውሃም ቢሆን አያስፈልጋትም። አጠባቤንም አስተካከለችልኝ። ልጄ የጡቴን ጫፍ ብቻ ነበር የምትይዘው። አፏን በደንብ ከፍታ፣ አገጯ ጡቴን ነክቶ፣ ጥቁሩን ክፍል ጭምር እንድትጎርስ አደረገች። "በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸናች፣ ክብደቷም ከጨመረ ወተትሽ በቅቷታል" አለችኝ። በቅቷት ኖሯል።

በስምንት ወሯ የታች ሁለቱ ጥርሶች ወጡ። መንከስም ተጀመረ! በዘጠኝ ወር ለኩፍኝ ክትባት ስንሄድ ሲስተር ጋ አለቀስኩ። ሕፃን ከልቡ እየጠባ መንከስ አይችልም፣ ምላሱ የታች ጥርሱን ይሸፍነዋል አለችኝ። የሚነክሰው ጠግቦ ሲጫወት ነው። አጠባቧ ሲቀዘቅዝ ትንሿን ጣቴን በአፏ ጥግ አስገብቼ እንዳስለቅቃት አሳየችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መንከሱ ቀረ።

ዓመት ሲሞላት ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። "የሌሊት ጡት ጥርስ ያበሰብሳል፣ አስጥያት" ተባልኩ። ሲስተር አላስጣለችኝም። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ጥሩ ነው። ጥርስ ቶሎ የሚያበላሸው ስኳር ያለው ሻይ፣ ለስላሳ፣ በሻይ የተነከረ ብስኩት፣ በተለይ ደግሞ ጣፋጭ ነገር ያለበትን ጡጦ በአፍ ይዞ መተኛት ነው። ጥርስ ካበቀሉ በኋላ ሌሊት ደጋግመው የሚጠቡ ልጆች ጥርሳቸው ካልጸዳ ግን እነሱም ይጎዳሉ። ሲተኙ ምራቅ ስለሚቀንስ አፋቸው አይታጠብም። ስለዚህ ጠዋትና ማታ፣ በለስላሳ የሕፃን ብሩሽ፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና። መጠኑ የሩዝ ፍሬ ታህል ብቻ። ማታ ከተቦረሸች በኋላ ከጡት ሌላ ምንም።

አንድ ነገር በተለይ ለእናቶች ልንገራችሁ። በሳምንት አንዴ የልጃችሁን የላይኛ ከንፈር ወደ ላይ ገልጣችሁ እዩ። የፊት ጥርሶቹ ድዱ ጋ ኖራ የመሰለ ነጭ መስመር ካላቸው ብስበሳው እየጀመረ ነው። ቡኒ እስኪሆን አትጠብቁ። የእኔን ልጅ በዓመቷ ለጥርስ ሐኪምም አሳይቻታለሁ፤ ደህና ናት።

ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ እሷም አትወድም። ደሴ ያላችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የት እንደምትሠራ እነግራችኋለሁ። የክትባት ቀን ወረፋው ብዙ ስለሆነ በሌላ ቀን፣ በጠዋት ሂዱ። የምትሰጡትን ምግብ ምንም ሳትደብቁ ንገሯት። እናታችሁን ወይም አማታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሲስተር፣ ይሄ ጽሁፍ ከደረሰሽ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ። አማቴ ሰላም ብለውሻል። ባለፈው ሳምንት ከሐይቅ ደውለው ነበር። የጎረቤታቸው የልጅ ልጅ ተቅማጥ ይዞት ግግ ሊያወጡለት ሲሉ ደርሰው ከለከሉ። "ያቺ ልጅ ጋ ነው የማመጣው" ብለዋል። ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ እቀበላቸዋለሁ፣ ከዚያ ወደ አንቺ እንመጣለን።