ሳያስረዱኝ እጃቸውን ላላሳረፉብኝ አዋላጅ፣ የምስጋና ቃል

የመጀመሪያ ልጄን ከተገላገልኩ ሁለት ወር ሞላኝ። ገንፎው ተበልቶ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት የመጣው ጠያቂ ሁሉ ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ያልከፈልኩት ዕዳ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። ዕዳው በአራት ኪሎ አቅራቢያ በሚገኝ አነስተኛ የእናቶችና ሕፃናት ማዕከል ለሚሠሩ አንዲት አዋላጅ ነርስ ነው።

ወደ እርሳቸው የሄድኩት በስምንተኛ ወሬ፣ ደንግጬ ነበር። ክትትል አደርግበት በነበረው ሌላ ቦታ አልትራሳውንድ እንደተነሣሁ «ልጁ ትልቅ ስለሆነ በኦፕራሲዮን ይሻልሻል» ተብዬ ቀን ተቆርጦልኝ ነበር፤ ምክንያቱን ስጠይቅ የተነገረኝ ግን የክፍያው መጠን ብቻ ነው። ሲስተር ካርዴን ገጽ በገጽ ካነበቡ በኋላ፣ በአልትራሳውንድ የሚነገረው ክብደት ግምት እንደሆነና ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሳሳት እንደሚችል፣ ስኳርም ሆነ የደም ግፊት ስለሌለብኝና ልጁም በጭንቅላቱ ስለዞረ ምጡን መጠበቅ እንደምችል አስረዱኝ፤ የማዕከሉ ሐኪምም መርምረውኝ በዚሁ ተስማሙ። እንግዴ ልጁ የማሕፀኑን በር ዘግቶት ወይም ልጁ አግድም ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን ራሳቸው ወደ ቀዶ ጥገና እንደሚልኩኝ ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። ያመንኳቸውም በዚህ ነው፤ በምጥ መውለድን የሚደግፉት ኦፕራሲዮንን እያጥላሉ አይደለም።

ምጡ ሌሊት ጀመረኝ። የማሕፀኔ በር 4 ሴንቲ ሜትር ከፍቶ ለሰዓታት በመቆየቱ እናቴ «የማማጫ መርፌ ይሰጣት እንጂ!» እያለች ስትጨነቅ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ምጥ የሚጠናው ከ5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እንደሆነ እንደሚገልጽ፣ የማሕፀን በር በየሰዓቱ 1 ሴንቲ ሜትር አልከፈተም ተብሎ ብቻም ምጥን ማፋጠን እንደማይመከር በእርጋታ አስረዷት። ይህን የሚሉት እጃቸውን አጣጥፈው ሳይሆን በየግማሽ ሰዓቱ የልጁን የልብ ምት እያዳመጡና እየመዘገቡ ነበር። ባለቤቴ ከበር ውጭ እንዲቆም አልተደረገም፤ ኮሪደሩን እየደገፈ አመላለሰኝ፣ ወገቤን አሸልኝ፣ «ማርያም ማርያም» በማለቱም እናቴን በለጣት። ማሕፀኔን ለመመርመር በተነሡ ቁጥር ምን ሊያደርጉና ለምን እንደሆነ ነግረውኝ፣ እሺታዬን ሳይሰሙ አልጀመሩም። በጀርባዬ መተኛት ስለከበደኝ በጎኔ ሆኜ እንዳምጥ ፈቀዱልኝ፤ መውጫውን ለማስፋት ብለው ያለ ምክንያት ምላጭ አላነሡም፣ ስፌትም አላስፈለገኝም። ልጄ እንደወጣ ደረቴ ላይ አስተኙልኝ፤ እትብቱንም ወዲያው ሳይቆርጡ፣ ደሙ ወደ ሕፃኑ እንዲያልፍና ለደም ማነስ እንዳይጋለጥ ከ1 ደቂቃ በላይ ጠበቁ። ያ ሁሉ ያስፈራሩኝ «ትልቅ» ልጅ ሲመዘን 3 ኪሎ ከ300 ግራም ሆነ።

ማዕከሉ ጠባብ ነው፤ ወረፋውም፣ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ያሰለቻል። ሲስተርን ለማግኘት የምታስቡ እርጉዞች ግን እንደ እኔ ስምንተኛ ወር እስኪደርስ ባትጠብቁ ይሻላል፤ ስትሄዱም የቀደመውን የክትትል ካርዳችሁንና የአልትራሳውንድ ውጤታችሁን በሙሉ ያዙ፤ ከተቻለ አብሯችሁ ምጥ ክፍል የሚገባው ሰውም ይምጣ፣ ወገብ አስተሻሸቱን አስቀድመው ያለማምዱታልና። ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ መጻፉን ስላልወደድኩት፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ሕፃኑ ሲተኛልኝ እመልሳለሁ።