ክቡን ቤተ ክርስቲያን መጠገን ወይስ በብሎኬት አዲስ መሥራት?

ጅማ ዙሪያ ባሉ ትንንሽ ከተሞች የሚነሳ ጥያቄ ነው። እኔ ወደ ጥገናው አደላለሁ።

ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ መሃል ላይ አራት ማዕዘኑ መቅደስ አለው። ሥዕሎቹ በብዛት ያሉት በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ምእመኑ እየዞረ ታሪኩን ያያል። እንዴት ያምራል! ግድግዳው እንጨትና ጭቃ ስለሆነ ዕቃው ከአካባቢው ይገኛል። የእንጨት ጥበብ ለጅማ አዲስ አይደለም፤ የአባ ጅፋርን የጅሬን ቤተ መንግሥት ያየ ያውቀዋል።

ጠላቱ ዝናብና ምስጥ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ቆርቆሮው ካላፈሰሰና መሠረቱ በድንጋይ ከፍ ካለ ግን ጭቃው ብዙ ዘመን ይቆያል። ሲሚንቶ እንዳትለስኑት አደራ! እርጥበቱን ያፍነዋል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል።

ብሎኬቱ ሰፊ ነው፤ ለንግሥ ቀን ሕዝብ ይመቻል። አራት ማዕዘን ቅርጹም ባዕድ አይደለም፤ ከአክሱም ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው። በዚህ ቅርጽ ሦስቱ ክፍሎች ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይደረደራሉ። ምእመኑ ከበዛ አዲስ ማስፈለጉን አልክድም። ታዲያ አሮጌውን ማፍረስ ለምን? ግቢው ከበቃ አዲሱ ጎኑ ይሠራ።

የግድ ይፍረስ ከተባለ ደግሞ አስቀድሞ ልኩ ይወሰድ፣ ሥዕሎቹ በፎቶ ይመዝገቡ። በሸራ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ካሉ በባለሙያ እጅ ይነሱ።