ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ቪትዝ ከ14 ወር በኋላ፦ መንቀጥቀጧን ተዉት፣ ዘይቷን እዩ

አዲስ አበባ ውስጥ “ቶዮታ ቪትዝ” ሲባል ብዙ ሰው ባለ አራት ሲሊንደሯን ያስባል። እዚህ የምትገመገመው ግን የሁለተኛው ትውልድ ባለ 996 ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደሯ ናት። በሊብሬውና በሞተር ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ሞዴሏ “ኬኤስፒ90” ተብሎ ይነበባል። በአውሮፓ ያሪስ በሚል ስም የተሸጠችው ባለ አንድ ሊትርም የያዘችው ይህንኑ ዳይሃትሱ የሠራውን 1ኬአር ሞተር ነው። ግምገማው በ14 ወርና በ17 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ አገልግሎት ላይ የተመሠረተ ነው። መንገዱ በአብዛኛው ከኮየ ፈጬ በጎሮ አድርጎ መገናኛ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የሱሉልታ ዳገትም አለበት።

ገዢ ኮፈን ከፍቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ለምን ትንቀጠቀጣለች?” ብሎ ነው። በባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ግማሽ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ሲሊንደር ይለኮሳል፤ በዚህኛው 240 ዲግሪ መጠበቅ አለበት። በዚያ ላይ የዳርና የዳር ፒስተኖች እኩል ስለማይወጡና ስለማይወርዱ ሞተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወዛወዛል፤ ይህን የሚያስታግስ የሚዛን ዘንግ አልተገጠመለትም። ስለዚህ በሚኒሞ (ቆማ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ) መሪውና የጎን መስታወቱ በመጠኑ ቢርገፈገፉ ተፈጥሮዋ ነው። ምቱ እኩል ከሆነና ቤንዚን ትንሽ ሲረገጥ ከጠፋ አትጨነቁ። አውቶማቲኳን ፍሬን ረግጣችሁ ማርሽ ስታስገቡ ብቻ ወንበር ድረስ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ያለቀው የሞተር ካውቾ ነው፤ ይህም ቢሆን ሞተር አይገድልም።

መፍራት ያለባችሁ ያልተስተካከለውን ምት ነው፤ ሁለት ሦስቴ ደህና መትቶ አንዴ የሚዘለውን። ከሦስት ሲሊንደር አንዱ ሲዘል የጉልበቱ አንድ ሦስተኛ ሄዷል፤ የጎሮን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ እንኳ አትወጣውም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ካንዴላ (እሳት ጫሪው) ወይም ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚልከው) ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቦቢና ስላለው መፈተኑ ቀላል ነው፦ ስካነሩ “ፒ0302” (ሁለተኛው ሲሊንደር ይዘላል) ካለ የሁለተኛውን ቦቢና ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ወደ “ፒ0303” ከተዛወረ ጥፋቱ የቦቢናው ነው። እዚያው ከቀረ ካንዴላውን አውጡ፤ 16 ቁጥር የካንዴላ ቁልፍ ይበቃል። “ትንሽ ልንዳትና ነገ አሠራታለሁ” የሚባለው ነገር ግን ውድ ነው፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ መውጫው ውስጥ ነድዶ ካታሊቲኩን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቀልጠዋል።

ጉልበቷን በተመለከተ፣ ጃፓን የተጻፈላት 71 የፈረስ ጉልበት በባሕር ጠለል የተለካ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ሩብ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተርም ሩብ ያህሉን ያጣል፤ በእጃችሁ የሚቀረው ከ55 ብዙም አይርቅም። ለሁለት ሰው በቂ ነው። አራት ሰውና አንድ ኩንታል ጤፍ ጭናችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ግን ኤሲውን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽንም አትናቁ። በማንዋሏ ይህን ድካም የሚከፍለው ፍሪሲዮኑ ነው። ዳገት ላይ በፍሪሲዮን ይዞ መቆም ልማድ የሆነበት ሰው የነዳት እንደሆነ ለማወቅ፣ ሜዳ ላይ በአራተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ እየሄዳችሁ ቤንዚኑን እስከ ታች ርገጡት። ድምፁ ጨምሮ ፍጥነቱ ካልጨመረ የፍሪሲዮኑን ሙሉ ዕቃ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሞተሩ ከነፊልትሮው የሚይዘው ዘይት 3 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ካለው ሲሶው ሄደ ማለት ነው። ቀዩ የዘይት መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ መጠን አይደለም፤ እሱ እስኪበራ የጠበቀ ሰው የኮሎና የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ማረፊያዎቹን ቀድሞ አስበልቷል። በዚህ ዕድሜ ያለ 1ኬአር ደግሞ ዘይት መጠጣት ይወዳል። ዋናው ምክንያት ዘይት የሚጠርገው የፒስተን ፋሻ ነው፤ ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ ጥቀርሻ ይዞት ከቦታው አይንቀሳቀስም። ይህችኛዋ በ1,000 ኪሎ ሜትር 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ትጠጣለች፤ በዚህ መኖር ይቻላል። በ1,000 ኪሎ ሜትር ወደ ሊትር የምትጠጋ ከሆነች ግን ሞተር ልታወርዱ ነው።

ሳትገዙ በፊት ይህን የምታውቁበት መንገድ ቁልቁለት ነው። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በማርሽ እየያዛችሁ፣ ቤንዚን ሳትነኩ አንድ ሁለት ደቂቃ ውረዱ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ርገጡና ከኋላ የሚከተል ሰው ጭሱን ይይላችሁ። አንዴ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ከሆነ የቫልቭ ዘይት መያዣ ጎማዎቹ ደርቀዋል። እየተጫናችሁ ሁሉ የሚከተላችሁ ጭስ ከሆነ ግን ፋሻው ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የሞተሩን ትንፋሽ ወደ ማስገቢያው የምትመልሰውን ትንሿን ቫልቭ አውጥታችሁ አንቀጭቅጧት። ካልተንቀጫቀጨች ተደፍናለች፤ እሷ ብቻዋን ብዙ ዘይት ታስጠጣለች፣ ዋጋዋም የአንድ ምሳ ያህል ነው።

የሻጭ ዘዴም አለ፤ 20ደብሊው-50 የተባለውን ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ለጥቂት ቀን ማፈን። መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ ዘይቱን በሁለት ጣት ፈትጉት። እንደ ማር የሚሳብ ከሆነና ጠዋት ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ካቴናው (የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት) ከሁለት ሦስት ሰከንድ በላይ ከተንጫጫ ጠርጥሩ። የካቴናው መወጠሪያም ሆነ የቫልቭ ጊዜ አስተካካዩ የሚሠሩት በዘይት ግፊት ስለሆነ ወፍራሙ ዘይት ይዘገይባቸዋል። ለአዲስ አበባ ብርድ 5ደብሊው-30 በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይስማማታል። በቺንጋው በኩል ያለው የካቴና ክዳን ቢያልበው አይግረማችሁ፤ የታሸገው በማጣበቂያ ነው። ላብ ከሆነ ጠርጎ መከታተል ይበቃል። የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ማጣበቂያው ርካሽ ነው፣ የእጅ ዋጋው ነው ውዱ፤ ክዳኑን ለማውጣት ብዙ ነገር ይፈታል።

ሁለተኛው ገዳይ ሙቀት ነው፤ እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክዳን በሌለው ድስት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የሞተሩ ማራገቢያ የሚነሳው ደግሞ ከ90 ካለፈ በኋላ ነው። ውሃው በዚህ መሀል እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተር ክዳኑ ብቻ ነው። 1.1 ተብሎ የተጻፈበት ደህና ክዳን መፍያውን ወደ 118 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ወደ 92ቱ ይመልሳችኋል። ቆላ ላይ ለወራት ተደብቆ የሚቆይ የክዳን ብልሽት እዚህ በአንድ የጎሮ መጨናነቅ ቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ ያለውን የሞተር ራስ) ያጣምማል። መኪናዋ ደግሞ ቀድማ አታስጠነቅቅም፤ የሙቀት መርፌ የላትም። ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ከመጠን ሲያልፍ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላት፤ ውሃው ካለቀ ደግሞ መለኪያው እንፋሎት እየለካ ቀዩ ዘግይቶ ሊበራ ይችላል። በስልክ የሚነበብ የብሉቱዝ ስካነር ከመሪው ሥር ሰክታችሁ ዲግሪውን ተከታተሉ። በሰላሙ ጊዜ ከ85 እስከ 97 መሀል ይመላለሳል፤ ከ102 ካለፈ ዳር ያዙ።

ውሃ የሚያፈሰው ዕቃ በዚህ ሞተር የታወቀ ነው፤ የውሃ ፓምፑ። በቺንጋ ከውጭ ስለሚዞር ሳይፈታ ይታያል። ሥሩ የነጣ ወይም ሮዝ ቅርፊት ካለ፣ ወይም ቺንጋው ሲወጣ ፑሊው በእጅ ላይ ከተወላወለ ኩሽኔታው አልቋል። የቧንቧ ውሃ መሙላት ይህን ሁሉ ያፋጥነዋል፤ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው፣ ዝገት መከላከያ ይፈልጋል።

ኮምፕሬሽን ስታስለኩ አንድ ስህተት ተጠንቀቁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ነው፤ እዚህ ጤነኛ ሞተርም ሩብ ያህል አንሶ ይነበባል። ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር ሳይሆን ሦስቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ አወዳድሩ። ልዩነታቸው ከ1 ባር ካላለፈ “ሞተሩ ሞቷል” የሚል መካኒክ አትስሙ።

ከጃፓን የመጣችዋ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ነው። ሰዓቶቹ መሀል ላይ ስለሆኑ ሥራው ከውጭ ንጹሕ ይመስላል። ከዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ ብርሃን ግቡ፤ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ፣ የፍሬን ፔዳሉ ግድግዳ ላይ አዲስ ብየዳ፣ ቁልፍ ሲከፈት ከነጭርሱ የማይበራ የኤርባግ መብራት ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል። የፊት መብራቶቿም የተሠሩት በግራ ለሚነዳ አገር ነው፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ዓይን ያጠፋሉ፣ የእናንተን የመንገድ ዳር ግን አያሳዩም። የኮየ ፈጬ መንገድ ዳር እግረኛ ስለማያጣ መቀየሩ ቅንጦት አይደለም።

እገዳዋ ቀላል ነው። ኮብልስቶን ላይ ኳ ኳ የሚለው ብዙ ጊዜ የስታቢላይዘር ሊንክ ነው፣ ቀጥሎ ቴስቲና (የመሪ መጋጠሚያ)። ጎማዋ 165/70 በ14 ነው። ዝቅ ስለምትል ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ ሆዷን ታስቀምጣለች።

ነዳጅ ላይ ግን ወቀሳ የላትም። በሥራ ቀን መጨናነቅ በሊትር ከ14 እስከ 15 ኪሎ ሜትር፣ ከቱሉ ዲምቱ በአዳማ ፈጣን መንገድ በ80 ሲነዱ ከ18 በላይ። ሰልባቲዮዋ 42 ሊትር ስለሚይዝ የማደያ ሰልፍ በሳምንት አንዴ ነው። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያገለገለ ዕቃ የሚገኘው በአብዛኛው ሶማሌ ተራ ነው። ካንዴላ፣ ፊልትሮና ፓምፕ አይጠፋም። ሙሉ ሞተር ስትፈልጉ ግን የባለ አራት ሲሊንደሩን ያህል ምርጫ የለም፤ ከባለ አራቷ ረከስ ካላለች አትግዟት የምንለው ለዚህ ነው።

ከገዛችሁ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይህ ነው፦ ዘይትና ፊልትሮ፣ ሦስት ካንዴላ፣ አዲስ የራዲያተር ክዳን፣ 4 ሊትር ገደማ ኩላንት ከነማጠቡ። አውቶማቲክ ከሆነች የካምቢዮዋን ዓይነት አረጋግጣችሁ ለሱ የተጻፈውን ዘይት ብቻ ጨምሩ፤ የሲቪቲን (ቋሚ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮ በተራ አውቶማቲክ ዘይት የሞላ ሰው ሁለተኛ ካምቢዮ ይገዛል። ከዚያ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተሩ ሳይነሳ መለኪያ ዘንጉን አውጥታችሁ የጨመራችሁትን ዘይትና ኪሎ ሜትሩን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ጻፉ።