ለአሜሪካ ገበሬ፦ ኒሳን ታይታን ኤክስዲ ወይስ ፎርድ ኤፍ-250?

ኒሳን ለ2016 ሞዴል ታይታን ኤክስዲ የተባለውን ፒክአፕ ሲያወጣ ገበሬውንም አስቦ ነበር። የአሜሪካው ሞተር ሠሪ ከሚንስ የሠራውን ባለ 5 ሊትር ናፍጣ ሞተር ገጠመለት። ገበሬው ከሚንስን በደንብ ያውቀዋል። ፒክአፑ የተገጣጠመውም እዚያው አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ግዛት ነው። ስለዚህ «የውጭ መኪና ነው» የሚለው ለእኔ ሚዛን አይደፋም።

ሚዛን የሚደፋው ተሳቢው ነው። አንድ ትልቅ የድርቆሽ ጥቅል ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። አስሩን ደርድርና የተሳቢውን ክብደት ጨምርበት። ታይታን ኤክስዲ ቢበዛ የሚጎትተው 5.5 ቶን ገደማ ስለሆነ እዚያው ያበቃለታል። ናፍጣው ኤፍ-250 ግን ይህን ጎትቶ ጉልበት ይተርፈዋል። እሱም ካነሰ፣ ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጎማ ያለው ኤፍ-350 አለ። ኒሳን እንዲህ ያለውን ጨርሶ አላቀረበም።

በአጨዳ ሰሞን መኪና ከቆመ ደግሞ መለዋወጫው ቅርብ መሆን አለበት። ፎርድ በትንንሽ የገጠር ከተሞች ሳይቀር ሻጭ አለው።

ኒሳን ናፍጣውን ከ2019 ሞዴል በኋላ ተወው። የታይታን ምርትም በ2024 ቆመ። ያሳዝነኛል፤ ጥሩ መኪና ነበር። ሁለት ፈረስ በተሳቢ ጭኖ ለሚሄድ ሰው፣ ያገለገለ ቢያገኝ ዛሬም ግዛው እለዋለሁ።