ቃሊቲ ላሉት አዛውንት መካኒክ ምስጋና፣ አሮጌ አይሱዙ ለምትገዙ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ለአንድ ባለሙያ ያለብኝን የምስጋና ዕዳ በአደባባይ ለመክፈል፣ እንዲሁም አሮጌ የጭነት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀማችሁ ወገኖቼ እኔ በወደቅሁበት ጉድጓድ እንዳትወድቁ ለመጠቆም ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የቆየ አይሱዙ ኤን ፒ አር በስሜ ዞሮልኝ፣ ሊብሬው እጄ ገብቶ፣ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሽንኩርት ጭኜ በሰላም ገብቻለሁ። ለዚህ ያበቁኝ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ቃሊቲ አካባቢ በአንድ ጋራዥ ጥግ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ መካኒክ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለጠየቁኝ እኔ እንደምጠራቸው ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

አስቀድሞ የደረሰብኝን ካልተናገርሁ ምስጋናዬ የተጋነነ ሊመስላችሁ ይችላል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አሥራ አንድ ዓመት በሰው መኪና ሾፌርነት ሠርቼ ያጠራቀምሁትን ከባለቤቴ ዕቁብ ጋር ደምረን አንድ አይሱዙ በደላላ ገዛሁ። የደላላውንም ሆነ የጋራዡን ስም አልጠራም። ጋራዡ «ሙሉ ምርመራ» ብሎ ገንዘቤን ከተቀበለ በኋላ ሞተሩን አስነሥቶ ጭሱን አየ፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና «ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» አለኝ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ገዛሁ። ደላላው «ስም ማዛወሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል» ስላለኝ በመንደር ውል፣ በሦስት ምስክር ፊት ሙሉ ክፍያውን ፈጸምሁ። ስም ለማዛወር ለምርመራ ባቀረብሁት ቀን ግን መርማሪው ከመኪናው ሥር ገብቶ ወጣና ሊብሬውን ሳይመልስልኝ ቀረ፤ የሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ዋና ብረት፣ ቁጥር ተፍቆ እንደገና የተመታ ነው ተባልሁ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ማስታወስ ያመኛል። መኪናው ታግዶ በፖሊስ ጣቢያ ግቢ ስምንት ወር ዝናብና ፀሐይ ተፈራረቀበት። እኔ ደግሞ የሰረቅሁ ይመስል ቃል ስሰጥ፣ ምስክር ስጠራ ከረምሁ። ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ደላላው ኮሚሽኑን ከበላ በኋላ «እኔ አገናኘሁ እንጂ መኪናውን አልሠራሁት» ሲለኝ፣ ጋራዡም «እኛ የምናየው ሞተር ነው፤ ቁጥር ማየት የእኛ ሥራ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ። «ሙሉ ምርመራ» የሚለው ደረሰኝ ግን እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። ከከፈልሁት ገንዘብ በሽማግሌ ብዛት የተመለሰልኝ እኩሌታውን እንኳ አይሞላም።

እንደገና ገንዘብ ስይዝ የሥራ ባልደረባዬ ወደ ጋሼ ወሰደኝ። ጋሼ ጭነታችን እስከ 1990 ዓ.ም. በአሰብ በኩል ይገባ በነበረበት ዘመን በዚያ መስመር የሚመላለሱትን ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪኖች ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ታሪኬን ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ ቀብዱ ኪስህ ውስጥ ይደር፤ ብረቱን ሳላነብ አንድ ብር እንዳትሰጥ» አሉኝ።

አብረን መጀመሪያ ያየነው መኪና እንደ አዲስ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ አይሱዙ ነበር። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» እያለ የ200 ሺህ ብር ቀብድ እንድከፍል ያጣድፈኛል። ጋሼ ጋቢናው ውስጥ በተመታችው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ላይ ያለውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩ፤ ገጠመ። እኔ ደስ ሲለኝ እሳቸው ግን «ይህ ምንም አይነግረኝም። ጋቢና ከመኪና ወደ መኪና ይዛወራል፤ ሰሌዳም ይነቀላል። መኪናው ማለት ሻንሲው ነው» ብለው መሬት ላይ ካርቶን አንጥፈው ከፊት ጎማው አጠገብ ተኙ።

የዚያን ጊዜ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ግራሶውን ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረጉ፣ በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብለው ፈተጉ፣ ከዚያም ባትሪውን ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን እንዳበራላቸው አዘዙኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በብረቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ መሐል ላይ ሲደርስ ጣታቸው ቆመ፤ ወደ ኋላ መልሰው እንደገና ሳቡት። ምንም አልተናገሩም። ከኪሳቸው ስስ ወረቀት አውጥተው ቁጥሩ ላይ ደረቡና በእርሳስ ጎን አሹት። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘው ሁለት ቦታ የተጻፈውን የአራት (4) ቁጥር አሳዩኝ፤ አንደኛው አናቱ የተዘጋ፣ ሌላው የተከፈተ ነው። «በአንድ ቁጥር ላይ ፋብሪካ ሁለት ዓይነት አራት አይመታም» አሉኝ በሹክሹክታ። ብረቱም ቁጥሩ ባለበት ቦታ በጥቂቱ ጎድጉዷል፤ ግራይንደር የበላው ነው። ለደላላው ግን «ልጁ ገንዘቡ አልሞላለትም» ብቻ ብለው ይዘውኝ ወጡ። በዚያ ግቢ ውስጥ ጠብ ቢነሣ ማን እንደሚጎዳ ያውቁታል። ለሚመለከተው አካል መጠቆም ያለብንን በማግሥቱ ጠቁመናል። ያቺን ወረቀት ዛሬም በኪስ ቦርሳዬ ይዣታለሁ።

ስለ ሞተር ቁጥርም ብዙ ነግረውኛል፤ አብዛኛው አልገባኝም። የያዝሁት አንድ ነገር ሞተር መቀየሩ በራሱ ነውር አለመሆኑን፣ ነገር ግን የተቀየረው ሞተር ቀረጥ የተከፈለበትን ዲክላራሲዮን የሚባለውን የጉምሩክ ሰነድ ይዞ በመኪናው ፋይል ላይ ካልተመዘገበ ገዢው የሌላ ሰው ጣጣ እንደሚገዛ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጋሼ ከአጭበርባሪ አዳኑኝ ብዬ ባበቃ ይበቃኝ ነበር። እኔን ግን ይበልጥ የነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቢሾፍቱ ላይ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት የሚሸጡት ኮድ 3 ታርጋ ያለው አይሱዙ እንዳለ ሰማንና ሄድን። ቀለሙ የለቀቀ፣ ላሜራው እዚህም እዚያም የተጣጠፈ መኪና ነው። የወራሽነት ማስረጃቸው የተሟላ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁለት ገዢዎች ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ ሸሽተዋቸዋል፤ ምክንያቱም ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር በአንድ ቦታ አይገጥምም። እኔም ያንን ስሰማ እግሬ ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

ጋሼ እንደ ልማዳቸው ተኝተው ብረቱን አሹ፤ ተነሥተው መነጽራቸውን አድርገው ሊብሬውን አነበቡና ሣቁ። ቀጥለውም፣ በዚህ መኪና ላይ እንዳለው ባለ 17 ሆሄ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከቶ እንደማይገቡ፣ ይህም የተደረገው ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ መሆኑን አስረዱን። ሊብሬው ላይ ግን ኦ ተጽፏል። ብረቱ ዜሮ ነው የሚለው። «የተሳሳተው ጸሐፊው ነው እንጂ መኪናው ንጹሕ ነው» አሉ። ባለመኪናዋ ይህን ሲሰሙ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ለካስ ጎረቤት ሳይቀር ባልዎ የተሰረቀ መኪና ይነዱ ነበር ብሏቸው ኖሯል።

እዚህ ላይ ራሴን መውቀስ አለብኝ። አብሮን የነበረው ደላላ «ስህተቱን ሰበብ አድርገን ዋጋውን እንስበረው» ሲለኝ ልቤ ከጅሎ ነበር። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። «አንተ ባልሠራኸው ጥፋት ስምንት ወር ተንከራተትህ፤ አሁን እሳቸውን ባልሠሩት ጥፋት ልታስከፍላቸው ነው?» ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። ዋጋው በተባለው ጸና።

ሆኖም ሊብሬው እስኪታረም ድረስ እንዳልፈርም አጥብቀው አስጠነቀቁኝ፤ እሳቸውም አብረውን መንገድ ትራንስፖርት ድረስ በራሳቸው የታክሲ ወጪ ሄዱ። ፋይሉ ሲወጣ መኪናው ወደ አገር ሲገባ የተሠራው ዲክላራሲዮን ዜሮውን በትክክል ይዟል። እርማቱ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ፤ ከዚያ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ተጣርቶ ውላችንን በውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረምን። ለዚህ ሁሉ ጋሼ የተቀበሉኝ የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። ኮሚሽን ልስጥዎት ስላቸው «እኔ ደላላ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡኝ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህንን ያነብልዎት ይሆናል፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ከእነ ቤተሰቤ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። እናንተም ወገኖቼ፣ ፊያትም ይሁን አይሱዙ፣ የምታውቁት ሰው የሚሸጥላችሁም ቢሆን፣ እባካችሁ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ለእሳቸው አሳዩ። ደግሜ እላለሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ይገኛሉ፤ ስትሄዱ ዋናውን ሊብሬ የያዘ ባለንብረት አብሯችሁ ይኑር፤ ፎቶ ኮፒ ይዞ ለመጣ ሰው ካርቶናቸውን አያነጥፉም።