የእሁድ ማታ ክኒን፦ ስለ አንድ የመድኃኒት ሣጥን

ሣጥኑ ተራ ፕላስቲክ ነው። ሁለት ረድፍ አለው፤ የጠዋትና የማታ። በየረድፉ ሰባት ክዳን፣ በየክዳኑ ላይ የቀኑ ስም። የገዛሁት ለታናሽ እህቴ ነው። የሚጥል በሽታ አለባት፤ ካርባማዜፒን የሚባል መድኃኒት ጠዋትና ማታ ትወስዳለች።

በፊት ቤታችን ውስጥ "ዋጥሽ?" "ዋጥኩ አልኩህ እኮ!" የሚባል ጭቅጭቅ አይጠፋም ነበር። አሁን አይቼ አልፋለሁ። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ተውጧል። ካልሆነ ውሃ ይዤ እሄዳለሁ፤ ነገር የለም።

ሣጥኑ ግን ያልጠበቅኩትን ጉድ አወጣ። የምትረሳ ይመስለኝ ነበር። የሚቀረው ግን ሁልጊዜ የእሁድ ማታው ነው። እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይጸለይላታል። ስጠይቃት መጀመሪያ ዝም አለች። በኋላ "ተጸልዮልኝ ስመጣ መዋጥ እግዚአብሔርን መጠራጠር ይመስለኛል" አለችኝ።

እኔም አማኝ ነኝ፤ ነገሩ ገብቶኛል። ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20ን አወጣሁላት። ንጉሡ ሕዝቅያስ ታሞ አለቀሰ፣ ጸለየ። እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፤ 15 ዓመት ጨመረለት። ከዚያ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡና እብጠቱ ላይ አድርጉ ያለው። ልብ በሉ፣ መልሱ ከመጣ በኋላ! በለሱን ያመጣ ሰው ተጠራጠረ የሚል የለም።

"ማርቆስ 9 ላይ ርኩስ መንፈስ እየጣለው ኢየሱስ የፈወሰው ልጅስ?" አለችኝ። ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። የዚያ ልጅ ታሪክ የዚያ ልጅ ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሁሉ ጋኔን አለበት አይልም። ማቴዎስ 4፥24 ራሱ አጋንንት ያደረባቸውንና የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ለየብቻ ነው የሚጠራቸው።

ሐኪሟም በራሱ መንገድ አስረድቷታል። የአንጎል ሴሎች ድንገት ከልክ ያለፈ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲለቁ ነው ሰው የሚወድቀው። መድኃኒቱ ያንን ያረግባል፤ ግን ሳይቋረጥ ደም ውስጥ መኖር አለበት። በድንገት ካቆሙት ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ከ5 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መንቀጥቀጥ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፤ አፋጣኝ ሕክምና ይፈልጋል። ተፈውሳ ከሆነም ሐኪሟ መርምሮ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። የሚያጣድፍ ነገር የለም።

አሁን የእሁድ ማታውም ይዋጣል። አንዳንዴ እየተነጫነጨች ቢሆንም።

ወደ ሣጥኑ ልመለስ። ክዳኑ ጠጣር ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ይቸገራል። አንዴ ሲከፈት ክኒኑ ተስፈንጥሮ አልጋ ሥር ገብቷል። የቀኖቹ ጽሑፍም ቶሎ ይለቃል፤ እኛ በማርከር ደግመን ጽፈንበታል። እርጥበት አይከላከልም፣ ካርባማዜፒን ደግሞ እርጥበት ያበላሸዋል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት፤ ከሳምንት በላይ የሚበቃም አትሙሉበት። ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከማሸጊያው አታውጡት፤ እሱ እርጥበት ይስባል። ማሸጊያውን ክኒኑ ውስጡ እንዳለ በመቀስ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። የሌላ መድኃኒት ከሆነ ፋርማሲስቱን ጠይቁ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት የቀኖቹ ጽሑፍ ቶሎ ስለሚለቅ ነው። ክዳኑ ቢጠጥርም የልጆች መቆለፊያ አይደለምና ትንንሽ ልጆች ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት።