ለመቀጠል 1 ብለው ይመልሱ

ከሀገር ቤት በተመለስኩ በዘጠነኛው ቀን የስልክ ቢሌ መጣ። ከፍቼ አየሁት፤ ዘጋሁት፤ እንደገና ከፈትኩት። የሌላ ሰው መስሎኝ ስሜን ፈለግኩ። ስሜ አለ። በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ የሁለት ዓመት የስልክ ክፍያዬን የሚያህል ገንዘብ ሄዷል። ምን እንዳደረግኩበት ሳስብ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ። ፊልም አላየሁም። ዘፈን አላወረድኩም። ለእህቴ «በሰላም ደርሻለሁ» አልኳት፤ የእማዬን ፊት በቪዲዮ አሳየኋት። በቃ ይኸው ነው።

ሻንጣ እያዘጋጃችሁ ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትነሡ።

የምኖረው አውሮፓ ነው። እዚያ ከሀገር ወደ ሀገር ስንሄድ ስለ ስልክ ማሰብ ከተውን ቆይተናል። ከጁን 15 ቀን 2017 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገራት መካከል የሮሚንግ (ማለትም በሌላ ሀገር ኩባንያ ኔትወርክ የመጠቀም) ተጨማሪ ክፍያ ቀርቷል፤ ሕጉም በ2022 ለሌላ አሥር ዓመት ታድሷል። ባቡር ውስጥ እንደተኛችሁ ድንበር ትሻገራላችሁ፤ ስልኩ «እንኳን ደህና መጡ» ይላችኋል፤ ያው ፓኬጃችሁ ይቀጥላል። ይህን ያህል ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ይዘናጋል። እኔም ተዘናጋሁ። ከኅብረቱ ውጭ ወዳሉ አብዛኞቹ ሀገራት ሲኬድ ግን ያ ሕግ ዋጋውን አይቆጣጠረውም። የኛ ኩባንያ ኔትወርኩን ላዋሰው ለዚያኛው ሀገር ኩባንያ ይከፍላል፤ የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል፤ ከኛ ይቀበላል። ስንት ይጨምር የሚለው ደግሞ የሱ ጉዳይ ነው።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ስልኬን ከፈትኩ። ከአራት ዓመት በኋላ መሄዴ ነበር፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት። የቴሌግራሙ፣ የዋትስአፑ፣ የኢሜይሉ መልእክት በአንዴ ተንጋጋ። መሀል ላይ ከስልክ ኩባንያዬ የመጣ አንድ ረጅም ጽሑፍ ነበር። አላነበብኩትም። ማን ያነበዋል? እናቴ ውጭ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ሻንጣዬን እየጠበቅኩ ሳለ ሁለተኛው መጣ። ይሄኛው አጭር ነው፦ «የዳታ ሮሚንግ ገደብዎ ላይ ደርሰዋል። ለመቀጠል 1 ብለው ይመልሱ።» ኢንተርኔቱም ተቋርጧል። ገደቡ ለኔ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። የአውሮፓ ሕግ የሮሚንግ ዳታ ሂሳብ 50 ዩሮ ሲደርስ፣ ታክሱን ሳይጨምር ማለት ነው፣ መስመሩ እንዲቆምና ደንበኛው እንዲጠየቅ ያዛል። ያንን ያህል የበላው ገና ከኤርፖርቱ ሳልወጣ ነበር። መልእክቱ ግን ስንት እንደበላ አይናገርም። ከዚህ በኋላ በሜጋባይት ስንት እንደሚቆጥርም አይናገርም። «1» ብቻ ነው የሚለው። እኔም የወንድሜ ልጅ የት ቆሞ እንደሚጠብቀኝ ማወቅ ፈልጌ 1 ብዬ መለስኩ።

ያቺ አንዲት ቁጥር ናት ጉድ ያደረገችኝ። በሩን ራሴ ከፈትኩላቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው ነገር አልነበረም።

ቢሉን በዝርዝር አስልኬ ስመለከተው ደግሞ ሌላ ነገር ታየኝ። አብዛኛው የተቆጠረው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እኔ ተኝቻለሁ። ስልኬ ግን አልተኛም። የመጀመሪያው ቀን ያነሣኋቸውን ፎቶዎችና ቪዲዮዎች አንድ በአንድ ወደ ክላውድ፣ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ማከማቻ፣ ሲጭን ነው ያደረው። እማዬ በር ላይ አንገቴን አቅፋ የምታለቅስበት ቪዲዮ አለ፤ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። በሕይወቴ ካሉኝ ነገሮች ሁሉ የምሳሳለት ቪዲዮ ነው። እሱን ለመጫን ብቻ የተቆረጠብኝን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ ዋጋ ይለጠፋል?

ደወልኩላቸው። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አሰሙኝ። ያነሣው ልጅ ጨዋ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ መልሱ ግን አንድ ነው። «በመጀመሪያው መልእክት ዋጋውን አሳውቀንዎታል። በሁለተኛው ጠይቀንዎታል። 1 ብለው ተስማምተዋል።» ተኝቼ እንደነበር ነገርኩት። «ስልክዎ ነው የተጠቀመው» አለኝ። ሌላ ክፍል አስተላለፈኝ፤ እዚያም እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ሦስተኛ ቀን ላይ በጽሑፍ አቤት አልኩ። በመጨረሻ «ለደንበኝነትዎ አክብሮት» ብለው ሩቡን ቀነሱልኝ። ሦስት አራተኛውን ከፈልኩ። ሕጋዊ ነው ይላሉ፤ ሊሆን ይችላል። ግን ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ልቡ የት እንዳለ ያውቃሉ። ያቺን ሰዓት አይተው ነው አንዲት ቁጥር የሚጠይቁት። ይሄ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ያዳነኝ የወንድሜ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬን አንሥቶ አየና «አክስቴ፣ ሮሚንግሽ እኮ ክፍት ነው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ዘጋው። ይዞኝ ሲም ወደሚሸጥበት ሄድን።

የሸጠችልኝን ልጅ ሳላመሰግን አላልፍም። ፓስፖርቴን ተቀብላ ከመመዝገቧ በፊት «ስልክዎ የተቆለፈ ነው?» አለችኝ። አላውቅም። በኮንትራት የገዛችሁት ስልክ ከሆነ የሌላ ኩባንያ ሲም ላይቀበል ይችላል፤ ይህን ሳላውቅ ገንዘቤን ተቀብላ ዝም ብትል ማን ይጠይቃታል? የሲሙን ቀዳዳ መክፈቻ መርፌ ስታጣ የጆሮ ጌጧን አውልቃ በሱ ጫፍ ከፈተችው። የራሷን ሲም ከስልኳ አውጥታ እኔ ስልክ ውስጥ ከተተች። ኔትወርክ ሲመጣ ፈገግ አለች። «ይሠራል። አሁን እንሸጥልዎት።»

ትልቁን ፓኬጅ ስጪኝ አልኳት። «ስንት ቀን ነው የሚቆዩት? ቤት ዋይፋይ አለ? ምንድነው የሚያዩበት?» ጠየቀችኝ፤ አሰበች፤ ካልኩት ያነሰውን ሰጠችኝ። «ካለቀ ይመጣሉ፤ ከተረፈ ግን ቀኑ ሲያልፍ ይቃጠላል» አለች። ልክ ነበረች። ሦስት ሳምንት አብቃቃኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞላሁ። የከፈልኩት በሮሚንግ የመጀመሪያዋ ሰዓት ከሄደብኝ ጋር አይወዳደርም።

ስልኬ ሁለት ሲም ስለሚይዝ የአውሮፓውን አላወጣሁትም። ባንኩ ኮድ የሚልከው በሱ ነው፤ የጽሑፍ መልእክት መቀበል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አያስከፍልም። ልጅቷ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ዳታውን ወደ አዲሱ አዞረች፤ የአሮጌውን ሮሚንግ አጠፋች። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ አሳየችኝ። አይፎን ላይ አንዱ ሲም ኔትወርክ ሲያጣ ዳታውን በራሱ ወደ ሌላኛው ሲም የሚያሸጋግር ማብሪያ አለ። እሱ በርቶ ሮሚንጉም ክፍት ከሆነ ሳታውቁት ወደ ውድ መስመር ትገባላችሁ። እኔ ስልኩን ሦስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አላውቅም ነበር።

አሮጌው መስመር ላይ የሚመጣ ጥሪ ግን ሌላ ነው። ውጭ ሀገር ሆናችሁ ስታነሡት ተቀባዩም ሊከፍል ይችላል። የድምፅ መልእክት ሳጥን ካላችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አስዘጉት፤ ሳታነሡት ወደዚያ የሚዞረውም ጥሪ ሊቆጠርባችሁ ይችላል።

የአክስቴ ልጅ በኔ ሰሞን ነበር የመጣው። እሱ የመንገደኛ ኢ-ሲም፣ ካርድ ሳይኖረው ስልኩ ላይ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም፣ ገዝቶ ነው የመጣው፤ ቀዳዳ መክፈት የለ፣ ሱቅ መሄድ የለ። ስልካችሁ ኢ-ሲም ይቀበል እንደሆነ ለማወቅ *#06# ደውሉ፤ EID (ኢ.አይ.ዲ.) የሚል ረጅም ቁጥር ከወጣ በአብዛኛው ይቀበላል ማለት ነው። በተለይ አሜሪካ ከ2022 ወዲህ አይፎን 14ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ለገዛችሁ ይህ ግድ ነው፤ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም። የሱ ከሮሚንግ በጣም ይረክሳል፤ ከኔ ሲም ግን ይወደዳል። ስልክ ቁጥርም የለውም፤ ዳታ ብቻ ነው። ዘመድ ሊደውልለት ሲፈልግ በኔ ነበር የሚያገኘው። ደግሞ ለመጫን ራሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል። እሱ ቤቱ እያለ በዋይፋይ ጭኖት መጣ፤ ጎበዝ። ለአንድ ሳምንት ለሚመጣ ሰው እሱን እመክራለሁ። ወር ለሚቆይና ዘመድ ለሚበዛበት ግን የሀገሩን ሲም።

ከሁሉ የገረመኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ስልኩን ኪሱ ሲከት ዳታውን ያጠፋል፤ ሲያወጣ ያበራል። ቴሌግራሙ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ዘግቶታል። ካርታውን ቤት ዋይፋይ ላይ ቀድሞ አውርዶታል። ዋትስአፕ ላይ በጥሪ ጊዜ ዳታ የሚቆጥብ ማብሪያ አለ፤ እሱን አብርቶልኛል። ፎቶዬ ወደ ክላውድ የሚጫነው በዋይፋይ ብቻ እንዲሆን አደረገልኝ፤ ለዚህ አሥር ሰከንድ አልፈጀበትም። እኛ እዚያ ያልተገደበ ፓኬጅ ይዘን ስልኩ ምን እንደሚሠራ ረስተናል። እሱ እያንዳንዷን ሜጋባይት ያውቃታል። ማታ ማታ ሦስታችን አንድ ፍራሽ ላይ ተቀምጠን የኔን ዳታ በሆትስፖት ተጋርተን ለእህቴ ስንደውል፣ እማዬ ስክሪኑን በጣቷ እየዳሰሰች «ከስታለች» ስትል፣ እሱ ከጎን ሆኖ የቀረውን ሂሳብ ያይ ነበር። «ገና ነው፤ አውሩ» ይለናል።

ስመለስ መሸጋገሪያው ኤርፖርት ላይ ስልኬ እንደገና «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ይሄኛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሜ አነበብኩት። የሜጋባይቱ ዋጋ አራተኛው መስመር ላይ ነበር። ሮሚንጉ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩና የኤርፖርቱን ዋይፋይ ፈለግኩ።

ሲሙን ይዤው አልመጣሁም። ብዙ ወር ያልተሞላ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለወንድሜ ልጅ ተውኩለት፤ አልፎ አልፎ ስልኩ ውስጥ ከትቶ ትንሽ ካርድ ይሞላበታል። እማዬ ቁጥሩን ስልኳ ውስጥ በስሜ መዝግባዋለች። አሁንም አንዳንዴ ትደውልበታለች አሉ። እሱ ሲያነሣ «አይ፣ መጣች እንዴ ብዬ ነው» ትለዋለች።